ፊቱን የሸፈነው ንጉሥ

አንድ ሰው ሌላውን መስሎ፣ ወይም ሳይመስል በሌላው ተሳስቶ፣ ወንጀልና ሳቅ አብረው የሚጎነጎኑበት ታሪክ በሲኒማ ጥበብ ዘንድ የታወቀ ነው። ተመልካቹ የሚስቀው ምሥጢሩን ከገጸ ባሕርያቱ ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። መነሻው ጎጃም በሆነው በሐሰተኛው ያዕቆብ ታሪክ ግን ምሥጢሩ የተገለጠው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነበር።

የዐፄ ሠርፀ ድንግል ልጅ ያዕቆብ በሕፃንነቱ ነግሦ፣ በመኳንንት ሤራ ተሽሮ፣ ወደ እናርያ ተግዞ፣ ዐፄ ዘድንግል በ1597 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ እንደገና ለዙፋኑ የተጠራ ወጣት ነው። በ1599 ዓ.ም. በጎጃም፣ ጎል በተባለው ሥፍራ፣ ከሱስንዮስ ጋር ገጥሞ ወደቀ፤ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ውጊያ ሞቱ። የንጉሡ ሬሳ ግን ተለይቶ አልተገኘም።

ብዙም ሳይቆይ በሰሜን፣ በትግራይ ምድር፣ «ያዕቆብ እኔ ነኝ» የሚል ሰው ተነሣ። ፊቱን በከፊል በጨርቅ ይሸፍን ነበር፤ ምክንያቱም በጦርነቱ ጥርሱና ገጹ ክፉኛ መቁሰሉ ነው ይል ነበር። ለዛሬ አንባቢ ተንኮሉ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። በዘመኑ ግን ያመኑት ሞኞች አልነበሩም። ንጉሥ ከመጋረጃ ጀርባ የሚቀመጥበት፣ ሲታይም ገጹን በከፊል የሚከልልበት ልማድ ቀደም ብሎ የነበረ ነው፤ በ1513 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ፊት የቀረበው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በንጉሡ አፍና ጢም ላይ ሰማያዊ የሐር ጨርቅ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል ማየቱን ጽፏል። ገባሩ ንጉሡን የሚያውቀው በስሙና በግብሩ ነበር፤ መልኩን ማን አይቶት? አስመሳዩም አዲስ ዘዴ አልፈጠረም፤ የቤተ መንግሥቱን መጋረጃ ተዋሰ።

የትግራይ ገዥ ሦስት ጊዜ ገጥሞ ድል ነሣው፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰውዬው ወደ ሐማሴን ተራሮች አመለጠ። በሜዳ ላይ የቀሩት ያመኑት ናቸው። ሱስንዮስ በ1600 ዓ.ም. በአክሱም ሥርዓተ ንግሡን ሲፈጽም እንኳ ሐሰተኛው «ያዕቆብ» በሕይወት ነበር። ፍጻሜውም የመጣው በሌላ ማስመሰል ነው፤ ተከታይ መስለው የተጠጉት ሰዎች ገደሉትና ጭንቅላቱን ለንጉሡ ላኩ። ተውኔት ጸሐፊ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ የመጨረሻ ትዕይንት አያገኝም፦ ጨርቁ ሲገለጥ ጠባሳ የለም፣ የተሰበረ መንጋጋ የለም፣ የጎደለ ጥርስ የለም። የተሸፈነው ያዕቆብን አለመምሰሉ ብቻ ነበር።

ይህን ትዕይንት ለአውሮፓ አንባቢ የተረከው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደርሶ የምንጩ ቀዳሚ አግኚ እኔ ነኝ አለ፤ ምንጩ ለሰከላ ገበሬ መቼም ጠፍቶት እንደማያውቅ ልብ ይሏል። ከዚያው ከሱስንዮስ ጋር ሄዶ በ1610 ዓ.ም. ምንጩን ያየውን የኢየሱሳውያን ቄስ ጴድሮ ፓኤዝንም አልደረሰም ሲል ሞገተ። ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ የለንደን ሰዎች ራሱን ብሩስን ቀጣፊ አሉት።