የጂስ ቤንድ ድሪቶ

«ድሪቶ» ሲባል በአገራችን ቶሎ የሚታሰበው የድኻ ወይም የመናኝ ልብስ ነው። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ወንዝ በሦስት ወገን በሚከባት በጂስ ቤንድ መንደር ግን ድሪቶ የአልጋ ልብስ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንደሩ ጥቁር ነዋሪዎች በዚያው የጥጥ እርሻ በባርነት የኖሩ ሰዎች ዘሮች ሲሆኑ፣ ባርነት ከቀረም በኋላ በእኩል አራሽነት ከመሬቱ አልተላቀቁም። በ1932 ዱቤ ይሰጣቸው የነበረ ነጋዴ በሞተ ጊዜ፣ ለዕዳው ተብሎ ከብቱ፣ የእርሻ መሣሪያው፣ የጎተራው እህል ሳይቀር ተጭኖ ተወሰደባቸው። እንዲህ ባለ ኑሮ ያረጀ ልብስ የሚጣል ነገር አይደለም። ቱታው ጉልበቱ ላይ ሲበሳ፣ ሸሚዙም ክርኑ ላይ ሲሳሳ፣ ሴቶቹ ደኅናውን ካለቀው ለይተው ይቀዳሉ፤ እራፊውን ከእራፊ ይገጥማሉ፤ በመካከሉ ጥጥ አንጥፈው ይደርቱታል። የጣውላው ቤት በየስንጥቁ ነፋስ ስለሚያስገባ አንዱ ብቻ አይበቃም፤ ይደራረባል። ኪሱ ተተርትሮ የወጣበት ቦታ ፀሐይ ስላላገኘው ደማቅ ሰማያዊ እንደ ሆነ ይቀራል። ይህን ማንም አስቦ አልሣለውም፤ ቢሆንም የትኛውም ሠዓሊ የሚንቀው አይደለም።

በ1942 ወይዘሮ ሚዙሪ ፔትዌይ ባላቸው ሲሞቱባቸው የሥራ ልብሳቸውን ሰብስበው ብርድ ልብስ ሰፉ። እሳቸውን ለማስታወስና ከፍቅራቸው በታች ተሸፍነው ለመተኛት እንደ ነበረ ልጃቸው ኋላ ተናግረዋል።

በ1960ዎቹ ዓመታት ለምርጫ ለመመዝገብ የደፈሩ ብዙዎች ከሥራና ከቤታቸው ተባረሩ። ወደ ከተማ የሚያሻግረው ጀልባም በ1962 ተቋርጦ ነበር። በ1966 የአካባቢው ሴቶች «ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ» የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሥራቸውም እስከ ኒው ዮርክ ተሸጠ። ገዢው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆንለት ይፈልግ ነበር። በ1972 ከሲርስ ሮባክ ኩባንያ ጋር የተዋዋሉት የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ ስፌት በልክ የሚቆረጥ፣ ለሰፊዋ ሐሳብ ቦታ የማይሰጥ ነበር። ደመወዙ ቀላል ጥቅም አልነበረም። ከመቀሱ የወደቀው ቁርጥራጭ ግን ወደየቤቱ ተወሰደ፤ እዚያ ልክ የሚያዝ አልነበረምና፣ ወርቃማው ከአረንጓዴው፣ ቀዩም ከሁለቱ ጋር ሰፊዋ እንደ ወደደች ተገጠመ።

እነዚህ ብርድ ልብሶች በ2002 በሂውስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ የ10ሩን ሥዕል በቴምብር አወጣ። ጀልባውም ከ44 ዓመት በኋላ እንደገና መሻገር የጀመረው በዚያው ዓመት ነው።