የመንዝ ጓሳና የቄሮ ሥርዓት

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኝ ውርጫማ ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ሲደርስ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው የጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን ይውላል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛ ዝናብ የሚከለልበት ገሳም ይሠራበታል። ቁጥቋጦው ደግሞ ማገዶ ነው። ዛፍ በማይበቅልበት በዚያ ብርድ ሣሩ ካለቀ ቤት መክደኛ አይገኝም ነበር፤ ጥበቃው የመነጨውም ከዚህ ችግር ነው።

በአካባቢው ትውፊት አስቦና ጌራ የተባሉ ቀደምት አባቶች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቦታውን ለግጦሽና ለሣር ከለሉት። ዘሮቻቸው በአጽመ ርስት እየተጠቀሙ በየወገናቸው አለቃ መርጠው አስተዳደሩት፤ ሥርዓቱም ቄሮ ተባለ። ሜዳው ሣሩ እስኪያድግ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊዘጋ ይችል ነበር፤ ድርቅ ሲመጣ ግን ቶሎ ይከፈት ነበር። የሚከፈተው በበጋ ነበር። ያን ጊዜ አጫጁ ማጭዱን፣ እረኛው ከብቱን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ እንደገና ይዘጋ ነበር። ለዘብ የሚከፈል ደመወዝ አልነበረም። አባወራዎች ራሳቸው ወጥተው ይጠብቁ ነበር፤ ሰርቆ ያጨደም ሆነ ከብቱን ያስገባ ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱ ያን ያህል ዘመን የቆየው ተጠቃሚውና ጠባቂው አንድ ሰው ስለነበሩ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ አጽመ ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ከባለርስት ዘር ያልተወለዱ ሰዎች ያላገኙትን መብት ማግኘታቸው ተገቢ ነበር። ጉዳቱ መብቱ ሲሰፋ ግዴታው አብሮ አለመስፋቱ ነው፤ በበጋ ብቻ ይታጨድ የነበረው ሣር ያለ ወቅቱ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር።

በኋላ ነዋሪው በቀበሌዎቹ ኮሚቴ አቋቁሞ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፤ የመዝጊያና የመክፈቻ ልማዱንም መለሰ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ሣሩ ውስጥ የሚኖሩት አይጦች የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ናቸው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ ከ500 ያነሱ እንደሆኑ ይገመታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በዚያው ሜዳ ሣር እየነጩ ይውላሉ።