የምርመራው ሰዓት የማን ነው? የሐኪም ማስረጃና የመንግሥት ሠራተኛ ፈቃድ በኢትዮጵያ



በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ከውጭ አገር የሚመለስ መንገደኛ ለ14 ቀናት ተለይቶ እንዲቆይ መንግሥት አዘዘ። ከተመላሾቹ አንዱ በሥራ ጉዳይ ተልኮ የነበረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው እንበል። አልታመመም፤ ስለዚህ የሕመም ፈቃድ ሊጠይቅ አይችልም። በሥራ ገበታውም ላይ አልተገኘም። በሰዓት መቆጣጠሪያው መዝገብ ላይ ከስሙ ትይዩ ምን ተብሎ ይጻፍ? ጥያቄው ከወረርሽኙ ጋር የመጣ ይመስላል እንጂ ከእርሱ በፊት የነበረ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛን አስተዳደር በአንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሥር ያሰባሰበው ትእዛዝ የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር ሕጉም ተለውጧል። እኔ ዛሬ የማተኩረው በአዋጅ ቁጥር 515/1999 ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ቢተካም፣ ሕግ አውጪው ስለ ሠራተኛው አካል የነበረው አስተሳሰብ በእርሱ ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

በዚያ አዋጅ የሕክምና ምርመራ በመጀመሪያ የምናገኘው በቅጥር ደጃፍ ላይ ነው። ዕጩው ለሥራው ብቁ መሆኑን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ያቀርባል፤ የኤችአይቪ ምርመራ ግን ተለይቶ ወጥቷል። መንግሥት የሠራተኛውን ደም የማየት ሥልጣኑን በገዛ እጁ መገደቡ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ዕጩው ገና ሠራተኛ ስላልሆነ የምርመራው ሰዓት የራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

በሁለተኛ ደረጃ የምናገኘው በሕመም ፈቃድ ውስጥ ነው። ፈቃዱ በአንድ ዓመት እስከ ስምንት ወር ይደርሳል፦ ሦስቱ በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱ በግማሽ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ ያለ ክፍያ። በተከታታይ ሦስት ቀን፣ ወይም በበጀት ዓመቱ ከስድስት ቀን በላይ የቀረ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ምርመራው እዚህ ምስክር ነው። ሕጉ ሐኪሙን የሚጠራው ሠራተኛውን ስለሚጠራጠር ነው ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ምርመራ ከጥርጣሬ ወጥቶ መብት የሆነው ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ነው። ለግሉ ዘርፍ አዋጅ ቁጥር 42/1985 ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጣት፤ የ1999ኙ አዋጅም ለመንግሥት ሠራተኛዋ ይህንኑ አረጋገጠ። ይህች ሴት በሽተኛ አይደለችም። ጤነኛ ሆና ወደ ሐኪም የምትሄድበት ሰዓት ግን እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጠረላት። በአውሮፓ ማኅበረሰብ አገሮችም ተመሳሳይ መብት በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣ መመሪያ ተደንግጓል።

ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተመርመር ብሎ የላከው ሌላ ጤነኛ ሠራተኛስ? የዓለም ሥራ ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 161፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ የጤና ክትትል ገቢ እንዳይቀንስ፣ በነጻና በተቻለ መጠንም በሥራ ሰዓት እንዲከናወን ይጠይቃል። የእኛ የ1999 አዋጅ ይህን በቀጥታ አይናገርም። ነገር ግን ፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ያለው ሌላ አካል ለጠራው ሠራተኛ፣ ጥሪው ለወሰደው ጊዜ፣ ከደመወዝ ጋር ልዩ ፈቃድ ይሰጣል። በእኔ ንባብ የጤና ባለሥልጣን ወይም የሐኪሞች ቦርድ መጥሪያ ከዚህ ቃል ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የሕግ ባልደረቦቼ ሐረጉ የታሰበው ለምስክርነትና ለመሰል ጉዳይ ነው ይሉኝ ይሆናል፤ ቃሉ ግን ያንን ገደብ አላስቀመጠም።

እኔ ባየሁት ልማድ ነገሩ የሚፈታው በአለቃው ፈቃድ ነው። አንዱ ኃላፊ «ሂድና ተመርምረህ ና» ብሎ በቃል ያሰናብታል፤ ሌላው ከዓመት ፈቃዱ ላይ ይቀንስበታል። ለታሪክ ተመራማሪ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል፦ በቃል የተሰጠው ደግነት መዝገብ ቤት አይገባም፣ የተቀነሰው ቀን ግን በግል ማኅደሩ ውስጥ «የዓመት ፈቃድ» ተብሎ ይቀመጣል። በየመሥሪያ ቤቱ የቆዩትን የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቦች ከክሊኒኮች የካርድ ክፍል ጋር እያስተያየ የሚያነብ ተማሪ ቢገኝ፣ ስንቱ የዓመት ዕረፍት በምርመራ ወረፋ ላይ እንዳለፈ ማወቅ እንጀምር ነበር።