ሐሰተኛ ወርቅና እውነተኛ ሸክላ

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ አንድን ነገር ሌላ አስመስሎ መሥራት ብቻውን በደል አይደለም። በደሉ ለተሠራው ነገር የማይገባውን ስም መስጠት ነው። ይህንንም ከሰዓት ሠሪዎች ታሪክ እንመልከት፤ ዘመኑ የሚጠቀሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሎንዶን ከተማ ክሪስቶፈር ፒንችቤክ የሚባል ብልኅ ሰዓት ሠሪ ነበረ። ይህ ሰው ብዙ መዳብ ከጥቂት ዚንክ ጋር አቅልጦ ወርቅ የሚመስል ናስ አወጣ። በዚያን ጊዜ የወርቅ ሰዓት የባለጸጎች ብቻ ስለ ነበረ፥ አቅሙ ያልደረሰ ሰው ይህን ናስ በደስታ ገዛው። ናሱም በሠሪው ስም ይታወቅ ነበር።

ፒንችቤክ በ1732 ሞተ። በ1733 ልጁ ኤድዋርድ በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶ፥ የአባቱ ናስ ከእርሱ በቀር በሌላ ሰው ዘንድ እንደማይገኝ ለሕዝብ አስታወቀ። ወርቅን የመሰለው ናስ በተራው አስመሳይ ተነሥቶበት ነበርና። ማስታወቂያው ግን ስሙን አላዳነውም። እያደር «ፒንችቤክ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ «ሐሰተኛ፥ ርካሽ» ማለት ሆኖ ቀረ። የብልኁ ሰው ስም እንዲህ ረከሰ።

ዛሬም ነገሩ አልተለወጠም። ባለ 18 ካራት የወርቅ ሰዓት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ፥ ማለት ከ1000 እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ የሆነ ነው፤ የቀረው እንዲጠነክር የሚጨመር መዳብ፥ ብር ወይም ሌላ ማዕድን ነው። ስዊስ የሰዓት ወርቅ ተፈትኖ እንዲታተም በ1880 ሕግ አወጣች። አስመሳዩ ግን ከጠጉር የቀጠነ ወርቅ በናስ ወይም በአረብ ብረት ላይ ይቀባና 750 ብሎ ያትምበታል። ላብና የእጅጌ ፍትጊያ ጠርዙን ሲበሉት ውስጡ ይገለጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ ነው።

አሁን ደግሞ ወርቅ ነኝ ያላለውን እንመልከት። በ1986 የስዊሱ ራዶ ኩባንያ ኢንቴግራል በተባለው ሰዓቱ ላይ ሴራሚክ አዋለ። ሴራሚክ እንደ ሸክላ በእሳት የሚጠና ነው። የዚርኮንየም ኦክሳይድ ዱቄት ተጠቅጥቆ ከ1400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይተኰሳል፤ በእሳቱም ከቁመቱ ሩብ ያህል ይኰማተራል። ከዚያ በኋላ ጥንካሬው ከወርቅ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን የሚያለሰልሰው አልማዝ ነው። እንደ ወርቅ በቀላሉ አይጫርም፤ ነገር ግን ወርቅ በሚጐደጕድበት አወዳደቅ እርሱ ሊሰበር ይችላል። ጕድለቱን ሳይሸሽግ በገዛ ስሙ ስለ ቀረበ ተከበረ። በ2000 የፈረንሳዩ ሻኔል ቤት ጄ12 የተባለውን ውድ ሰዓት ከጥቁር ሴራሚክ ሠራ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ የወርቅ ሰዓት መግዣ ብታጡ አታፍሩ። ተራ የአረብ ብረት ሰዓት በእጃችሁ አድርጋችሁ «ይህ ብረት ነው» ብትሉ ማንም አይታዘባችሁም። የሐሰት ወርቅ ያሰረ ሰው ግን ጠርዙ መቼ ይላጥብኝ ይሆን እያለ እጁን ሲሸሽግ ይኖራል። ሁለቱም ሰዓቶች የሚቈጥሩት ደቂቃ አንድ ነው።