ከማማው በታች

ትንሿ የፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘችው የጤፍ ዱቄት ነው። አሜሪካውያን አዳኞች ለዚሁ ጉዳይ ሽታ የሌለው ነጭ ዱቄት ከሱቅ ይገዛሉ፤ የደብረ ማርቆሱ ሰው ግን ለእንጀራ ከተገዛው ላይ አንድ ማንኪያ ዘግኖ መጥቷል። ጠርሙሷን ጨመቅ ሲያደርጋት ብናኙ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይሄዳል። ገና ጎህ መቅደዱ ስለሆነ ቀዝቃዛው አየር እንደ ወንዝ ተዳፋቱን ይዞ እየወረደ ነው። ፀሐይ ወጥታ ተራራውን ስታሞቀው ነፋሱ ይዞርና ሽቅብ ይነሣል። ያኔ የሰውየው ጠረን ከላይ ለሚመጣው አጋዘን ቀድሞ ይደርሳል።

ቦታው ቨርጂኒያ፣ ከሸናንዶዋ ሸለቆ በስተምዕራብ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ነው። ወሩ ጥቅምት። ስልሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብለው፣ ከወደቀ የኦክ ግንድ ጀርባ፣ ጋሼ ተቀምጠዋል፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ሦስተኛው ጓደኛቸው ከኮረብታው ማዶ አድፍጧል። የጤፉ ባለቤት በአሌክሳንድሪያ ከተማ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አየር በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሲያሰላ ይከርማል። ጫካም ገብቶ ሥራው ያው መሆኑ ያስቀዋል።

ነገሩ የተጀመረው በጎመን ነው።

ፌርፋክስ ካውንቲ ከሚገኘው ቤቱ ጓሮ የተከለውን የሐበሻ ጎመን አጋዘኖች ሌሊት እየመጡ እስከ አንገቱ ይመለምሉት ነበር። አጥር አጠረ፤ ዘለሉት። ሳሙና ሰቀለ፤ ናቁት። ሸናንዶዋ ሸለቆ ተወልዶ ላደገው አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባው ብሶቱን ሲያወራለት ሰውየው ሳቀና በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ደጋን መለማመጃ ሜዳ ወሰደው። ጋሼ ለወሬ ብለው ተከተሉ። ሹፌሩ ደግሞ መኪና የሚያቆምላቸው ሰው ሲጠፋ መጣ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሦስቱም አልተመለሱም።

ሐበሻ ይህን እንስሳ አጋዘን ይበለው እንጂ ከአገር ቤቱ አጋዘን ጋር የሥጋ ዝምድናው ሩቅ ነው። የእኛው ከከብትና ከፍየል ወገን ነው፤ የወንዱ ጠምዛዛ ቀንድ ዕድሜ ልኩን ከራሱ አይወርድም። የቨርጂኒያው ወንድ ግን ቀንዱን በበረዶው ወራት ጥሎ በጸደይ እንደ ችግኝ አዲስ ያበቅላል። የዚህ ወገን እንስሳ ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የለም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዋላ ሲል የሚያስበው ይህንኑ ወገን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኦዶኮይሌውስ ቨርጂኒያኑስ ስለሆነ፣ ጎመን በላተኛው ቢያንስ በስሙ ከማንም ቀድሞ ቨርጂኒያዊ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ በመላው አሜሪካ የቀረው ነጭ ጭራ አጋዘን ከ500,000 እንደማይበልጥ ይገመታል። ሥጋውና ቆዳው ለገበያ ሲታደን ኖሮ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ሕግ ወጣ፣ አደኑ በወቅት ተገደበ፣ ከተረፈባቸው ቦታዎች እየተጫነ ወደ ባዶዎቹ ጫካዎች ተመለሰ። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል። ተኩላውና የተራራው አንበሳ ከምሥራቁ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል፤ የከተማ ዳርቻው ደግሞ ጥይት የማይተኮስበት፣ አበባና ጎመን የሞላበት ገነት ሆኖለታል። ፌርፋክስ በፓርኮቹ ውስጥ ደጋን ያነገቡ አዳኞችን በፈቃድ የሚያሰማራው ለዚህ ነው።

አሜሪካዊው ባልደረባ ልምምዱን ሲያስጀምራቸው መጀመሪያ ያወራላቸው ስለ ዒላማ አልነበረም፤ ስለ ኢሺ እንጂ።

ደጋን የአገሬው ተወላጆች መሣሪያ ነበር። አውሮፓውያኑ ሰፋሪዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ሲመጡ አብዛኞቹ አልፈለጉትም። ነሐሴ 1911 ላይ ካሊፎርኒያ፣ ኦሮቪል ከተማ፣ ከአንድ ቄራ አጠገብ የተራበ ሰው ተገኘ። ሰፋሪዎች የጨፈጨፉት የያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ሰው ነበር። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ ሊቃውንት ሳን ፍራንሲስኮ ወስደው ሙዚየም ውስጥ አኖሩት፤ ጠራጊም ሆነ፣ ቅዳሜና እሑድም ጎብኚ ይመለከተው ነበር። ስሙን ለማንም አልተናገረም። ኢሺ ያሉት እነሱ ናቸው፤ ትርጉሙም በራሱ ቋንቋ ሰው ማለት ብቻ ነው። የሚያኮራ የእንግዳ አቀባበል አይደለም።

ከሙዚየሙ አጠገብ ባለው የሕክምና ትምህርት ቤት የሚሠራው ቀዶ ሐኪም ሳክስተን ፖፕ ሐኪሙ ሆነ፤ ውሎ አድሮም ደቀ መዝሙሩ። ኢሺ ደጋኑን ከተራራ ጥድ እየጠረበ፣ ጀርባውን በጅማት እየለበጠ መሥራትን አስተማረው። ጋሼ ጥድ የሚለውን ሲሰሙ ቀና አሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ መሣሪያ ይሆናል ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ይበልጥ የገረማቸው ግን ፖፕ የመዘገበው የአደን ሥርዓት ነው። ኢሺ አደን ከመውጣቱ በፊት ዓሣ አይበላም፣ ትምባሆ አያጨስም። በማለዳ ተነሥቶ ወንዝ ይታጠባል፣ ሰውነቱን መዓዛ ባለው ቅጠል ያሻል፣ አፉን ይጉመጠመጣል፣ እህል ሳይቀምስ ይወጣል። «ይሄ እኮ ቅዳሴ የሚገባ ሰው ነው» አሉ ጋሼ።

ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ ግን ከጓደኛው ከአርት ያንግ ጋር ማደኑን ቀጠለ፤ የተማረውንም በ1923 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ያንግ አላስካ ውስጥ በደጋን ሲያድን የተቀረጸውን ፊልም ዲትሮይት ላይ ከተመለከቱት አንዱ ፍሬድ ቤር የሚባል ወጣት ነበር፤ ኋላ ሚሺጋን ውስጥ የደጋን ፋብሪካ አቋቁሞ መሣሪያውን በየቤቱ አስገባው። ዊስኮንሲን በ1934 ለደጋን ብቻ የተለየ የአጋዘን ወቅት ፈቀደች። ሚዙሪያዊው ሆለስ አለን በ1969 በመዘውር የሚሠራውን ደጋን በስሙ አስመዘገበ። ደጋን ከአንዱ ጓደኛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ከዚያ የጥድ እንጨት እስከ ፌርፋክስ ጓሮ ደረሰ፤ ሐበሾቹም የተቀበሉት በዚያው መንገድ ነው።

ባለ መዘውሩን ደጋን ጋሼ ይወዱታል፤ ለሒሳብ መምህር የተሠራ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ሲሳብ 27 ኪሎ ያህል ይከብዳል፤ መዘውሩ ዞሮ ጥጉ ሲደርስ ግን ክንድ ላይ የሚቀረው 5 ወይም 6 ኪሎ ብቻ ነው። አዳኙ ሳይንቀጠቀጥ ዒላማውን የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሲገዙት ታክስ እንደከፈሉበትም አይዘነጉም። በ1937 የወጣ ሕግ በአደን መሣሪያ ላይ የሚጣለውን ልዩ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ያውላል፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ደጋንና ፍላጻም በዚህ ውስጥ ገብተዋል። የደጋኑ ድርሻ 11 በመቶ ነው። «ጎመኔን ለሚበላው ቀለብ እየቆረጥሁ ነው» ይላል ጠጋኙ።

አብዛኛው የቨርጂኒያ ባለ ደጋን ዛፍ ላይ ከታሰረ መቀመጫ፣ ከመሬት 5 ወይም 6 ሜትር ከፍ ብሎ ያድናል። ሐበሾቹ ለዚህ ነገር ቃል አላጡም፤ ማማ አሉት። ጠጋኙ በልጅነቱ የእናቱ ዘመዶች ካሉበት ቆላ ወርዶ፣ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ፣ ከወፍና ከዝንጀሮ ማሽላ ጠብቋል። ከፍታ የሚያስገኘውን ጥቅም ያውቃል፤ ጠረን በእንስሳው አናት ላይ ያልፋል፣ የአዳኙ እንቅስቃሴም ቶሎ አይታይም። ግን አዳኞች ከማማ እየወደቁ ወገባቸው መሰበሩ የተለመደ አደጋ ነው፤ ጋሼም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «እኔ ዛፍ ላይ የምወጣው ጅብ ሲያባርረኝ ብቻ ነው» ብለው ቁርጡን ነገሩ። ለእሳቸው ሲባል ሁሉም መሬት ላይ ቀረ።

መሬት ላይ ሁሉ ነገር ይከብዳል። የአጋዘኑ ዓይን ከአዳኙ ዓይን ጋር ትይዩ ነው። ቀይና ብርቱካናማ ቀለም ለይቶ አያይም፤ ሰማያዊ ግን ይጎላበታል፣ ስለዚህ ጂንስ ሱሪ ቤት ይቀራል። እጅ የሚነቃነቀው የእንስሳው ራስ ከዛፍ ጀርባ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሰው ጉቶ ይሆናል። ርቀቱ ከ20 ሜትር እንዳይበልጥ ተስማምተዋል። ፍላጻው ይህን ለመብረር ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የአውታሩ ድምፅ ደግሞ ከፍላጻው ስለሚፈጥን የደነገጠ አጋዘን ለመስፈንጠር ጎንበስ ሲል ፍላጻው በጀርባው ላይ ያልፋል።

ከሁሉም የባሰው ጠረን ነው። የሐበሻ ቤት ልብስ በርበሬ፣ የተቆላ ቡናና ዕጣን ጠጥቶ ይኖራል። የአደን ልብሳቸው እንግዲህ ከመስከረም ጀምሮ ከቤት ውጭ ይሰቀላል፣ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባል፣ ጫካው ዳር ሲደርሱም መኪናው አጠገብ ይለበሳል። ስንቅም አከራክሯቸው ነበር። ዳቦ ቆሎ በጩኸቱ፣ ጭኮ በቅቤው ሽታ ተሻሩ። ያሸነፈው በሶ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ሽታውም የደረቀ ሣር ይመስላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድም ግዳይ አልነበረም። አንድ ማለዳ ቀንዳሙ ወንድ ሠላሳ እርምጃ ላይ ደርሶ ሳለ የሹፌሩ ስልክ ለጸሎት በሞላው ሰዓት መዝሙር ለቀቀች። እንስሳው ነጭ ጭራውን እንደ ባንዲራ አንሥቶ ጠፋ። ሦስቱ ሲገናኙ ማንም ሊቆጣ አልቻለም፤ መዝሙሩ የእመቤታችን ነበር።

በሦስተኛው ጥቅምት ጠጋኙ አንዲት ሴት አጋዘን አሥራ ሰባት እርምጃ ላይ፣ ጎኗን ሰጥታ ቆማ አገኘ። ፍላጻው ከትከሻዋ ኋላ ገብቶ በማዶ ወጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ ቶሎ የተከተሏት እንስሳ ቁስሏን ይዛ ሩቅ ትሄዳለችና ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግድ ነው። ፍላጻው ላይ ያለው ደም ይነበባል፦ ፈዛዛ ቀይና አረፋማ ከሆነ ሳንባ፣ ጠቆር ካለ ጉበት፣ አረንጓዴ ከቀላቀለ አንጀት ነው። አንጀት ከሆነ ብዙ ሰዓት ይጠበቃል። የእሱ አረፋማ ነበር። ጋሼ ቅጠል ላይ የነጠበውን ደም አንድ በአንድ እየተከተሉ፣ የመጨረሻው ባለበት ሁሉ በትራቸውን እየተከሉ መሩት፤ ሰማንያ እርምጃ ሳይሞላ ወድቃ አገኟት። ጠጋኙ ፎክሮ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልፎከረም። እጁ እየተንቀጠቀጠ በሶውን ደፋው።

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ። ኦሪት ዘዳግም ዋላን ከሚበሉት ንጹሐን እንስሳት ጋር ይቆጥረዋል፤ ጋሼ ይህን ጠቅሰው ይከራከራሉ። ሹፌሩ ግን በሥላሴ ስም በቢላ ያልተባረከ ሥጋ አልበላም ብሎ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ከእነሱ ጋር ያድናል፣ ይገፍፋል፣ ይሸከማል፤ አይቀምስም። ማንም አያስገድደውም።

የሚበሉትም ቢሆኑ የምግቡን ሥርዓት ቀይረዋል። ሥጋው ስብ ስለሌለው ጥብሱ ቅቤ ይፈልጋል፤ ለቋንጣ ግን ከበሬ ይሻላል፣ ቶሎ ይደርቃል። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ፈጽሞ የለም። የዱር ሥጋ የሚያስተላልፈው ጥገኛ ተውሳክ አለ፤ በዚያ ላይ የአጋዘንን አእምሮ የሚበላ፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ቨርጂኒያ ውስጥ በ2009 ተገኝቷል። ወደ ሰው ስለመተላለፉ ማስረጃ ባይገኝም፣ በሽታው ካለበት አካባቢ የተገደለውን ማስመርመርና የታመመ ሆኖ ከተገኘ አለመብላት ይመከራል። ጋሼ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ለብቻው ያስቀምጡታል።

የቀን መቁጠሪያውም የራሱ ጣጣ አለው። የቨርጂኒያ የመጀመሪያው የደጋን ወቅት ከጥቅምት መባቻ በፊት ተከፍቶ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይዘልቃል፤ የጽጌ ጾም ማለት ነው። ያ በፈቃድ ስለሆነ አንዳንዱ ይጾማል፣ አንዳንዱ ይተዋል። ኅዳር 15 የገና ጾም ሲገባ ግን ሥጋ መብላት ለሁሉም ይዘጋል፤ ያልተበላው እስከ ገና በረዶ ውስጥ ይቆያል።

ሹፌሩ የገደለው እስካሁን አንድ ብቻ ነው። የገና ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በኋለኛው የደጋን ወቅት፣ ከአሜሪካዊው ባልደረባ አባት እርሻ ጥግ ላይ። ሥጋውን በሙሉ ከ1991 ጀምሮ አዳኞች የለገሱትን ሥጋ አዘጋጅቶ ለችግረኞች ለሚያደርሰው የቨርጂኒያ በጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠ። ቆዳውን ግን አልፍቶ ጋራዡ ውስጥ ዘረጋው። ለእናቱ በቪዲዮ ሲያሳያቸው አተኩረው አዩትና ወንድ ነው ወይስ ሴት ብለው ጠየቁት።

«ወንድ ነው።»

«ታዲያ ቀንዱ የታለ?»

በየዓመቱ እንደሚጥለውና ያን ሰሞን ጥሎት እንደነበር ቢያስረዳቸውም አላመኑትም። ለአባቱ ሲያወሩ ሰምቷቸዋል፦ «አሜሪካ ሄዶ ፍየል አርዷል።»