ከግንቡ ወዲያ የቀረ ክለብ

በተቀናቃኝ ክለብ ሰፈር የሚኖር ደጋፊ ምን እንደሚገጥመው ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ክለቡ የተሸነፈ ዕለት በካፌ ሰልፍ ላይ ይተረባል፤ ያሸነፈ ዕለት ደግሞ ደስታውን ዋጥ አድርጎ ወደ ቤቱ ይገባል። ይኸ ሁሉ የቀልድ ዕዳ ነው፤ የሚከፈለውም በቀልድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ግን ዕዳው ከቀልድ ያለፈባቸውን ሰዎች ነው፤ ይኸውም ከ1961 እስከ 1989 በምሥራቅ በርሊን እየኖሩ የምዕራብ በርሊኑን ሄርታን ይደግፉ የነበሩትን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚህ ሰዎች ዕቃቸውን ጭነው ወደ ተቀናቃኝ ሰፈር የገቡ አይደሉም። በተወለዱበት ቤት ቁጭ እንዳሉ ነው የሌላው ሰፈር መጥቶ የዋጣቸው።

ሄርታ በ1892 የተመሠረተ ክለብ ነው። ስሙን ያገኘው ከአንድ መርከብ ሲሆን መለያው ሰማያዊና ነጭ ነው። ከ1924 ጀምሮ ሜዳው በሰሜን በርሊን፣ ጌዙንትብሩነን በሚባለው የሠራተኞች መንደር ነበር። የበርሊን ሰው ሜዳውን «ፕሉምፐ» ይለዋል፤ በከተማው አነጋገር የውሃ ፓምፕ ማለት ነው። በ1930ና በ1931 ሄርታ የጀርመን ሻምፒዮን ሲሆን በዚያ ሜዳ ዙሪያ ያለው ጎረቤት ሁሉ፣ ከፓንኮ እስከ ፕሬንትስላወር በርግ፣ የሄርታ ሰው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ለአራት ኃያላን ስትከፋፈል ጌዙንትብሩነን በፈረንሳዮች ክልል ወደቀ፤ ፓንኮና ፕሬንትስላወር በርግ ግን በሶቪየቶች። እንዲያም ሆኖ ኳስ ለማየት ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው መሻገር የሚቻል ነገር ነበር።

ነሐሴ ወር 1961 በ13ኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከተማው ሲነቃ የሽቦ አጥር ተዘርግቷል። ሽቦው ቆይቶ ግንብ ሆነ። ፕሉምፐ ከግንቡ የሚርቀው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነበር። እንግዲህ የምሥራቁ ደጋፊ ምን ያድርግ? ሄርታ በሜዳው የሚጫወት ዕለት ከግንቡ ወዲህ ተሰብስቦ ማዳመጥ ያዘ። ወዲያ ማዶ ሕዝቡ ሲጮኽ ጐል መሆኑን ያውቃል፤ አብሮ ይጮኻል። ማን እንዳገባ፣ እንዴት እንደገባ አያይም። የእኛ አገር ሰው «ግድግዳ ጆሮ አለው» የሚለው ምሥጢሩን ለመጠበቅ ነው፤ በርሊን ላይ ግን ሰው ራሱ ለግድግዳ ጆሮውን ሰጠ።

ይኸም አልበረከተም። በ1963 ቡንደስሊጋው ሲጀመር ሄርታ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነና በከተማዋ ምዕራብ ጫፍ ወደሚገኘው ወደ ኦሎምፒክ ስታዲዮም ተዛወረ። ከዚያ የሚወጣ ድምፅ ፕሬንትስላወር በርግ አይደርስም። ለምሥራቁ ደጋፊ የቀሩት ሬዲዮና የምዕራቡ ቴሌቪዥን ሆኑ። አሮጌው ፕሉምፐም ዕዳ ሊከፈልበት ተሸጠ፤ በ1974 ፈረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሄርታና የምሥራቅ በርሊን ክለቦች በአንድ ሊግ እንኳ ሳይጫወቱ ተቀናቃኝነቱ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት የሰፈሩን አዲስ ባለቤት ማወቅ ይበቃል። በ1954 የምሥራቅ ጀርመን ባለሥልጣኖች የድሬስደንን ዲናሞ ቡድን ተጫዋቾች በትእዛዝ አንሥተው በርሊን አመጧቸው፤ ዋና ከተማዋ ጥሩ ቡድን ይኑራት ተብሎ። በ1966 በርሊነር ዲናሞ የሚል ስም የያዘው ክለብ ከዚሁ የወጣ ነው። የዲናሞ ስፖርት ማኅበር የበላይ ኤሪክ ሚልከ ነበር፤ ሽታዚ የሚባለው የፀጥታ ሚኒስቴርም የበላይ እሱው ነው። ክለቡ ከ1979 እስከ 1988 በተከታታይ አሥር ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ1986 ላይፕሲክ ላይ በባከነ ሰዓት በተሰጠው ፍጹም ቅጣት ምት አንድ እኩል ሲወጣ መላው አገር አጉረመረመ፤ ዳኞቹ ለማን እንደሚያደሉ ሕዝቡ ከድሮም ይጠረጥር ነበርና። ዲናሞ ከሚጫወትባቸው ሜዳዎች አንዱ የት ነበር ቢባል፣ እዚያው ፕሬንትስላወር በርግ፣ ግንቡ ሥር። የሄርታው ደጋፊ እንግዲህ በመስኮቱ ወጣ ብሎ ሲያይ የሚያየው የፀጥታ ሚኒስትሩን ክለብ መብራት ነው።

ሁሉም ግን ብቻውን አልቀረም። በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኮፐኒክ በሚባል ሰፈር፣ ዩኒየን የሚባል ክለብ አለ። የዩኒየን ሰዎች ዲናሞን አይወዱም። የዩኒየንና የሄርታ ደጋፊዎች በግንቡ አሻግረው ወዳጅ ሆኑ፤ «ከእሾህ ሽቦ ወዲያ ያሉ ወዳጆች» ተባባሉ። ዩኒየን ቅጣት ምት አግኝቶ ተጋጣሚዎቹ ግንብ ሠርተው ሲቆሙ ደጋፊው «ግንቡ ይነሣ!» እያለ ይጮኽ ነበር ይባላል። በጀርመንኛም እንደኛው ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል፤ ፖሊሱ መጥቶ ቢጠይቅ ስለ ኳሱ ነው የሚሉት። ነገሩን ግን ማጋነን አይገባንም። ዩኒየንን የደገፈ ሁሉ የመንግሥት ተቃዋሚ አልነበረም፤ ብዙው ቅዳሜውን ኳስ አይቶ ቢራውን ጠጥቶ የሚገባ ሰው ነው።

ክለቡን በዓይኑ ሊያይ የፈለገ የሄርታ ደጋፊ መንገዱ በሌላ አገር በኩል ሆነ። ከ1972 ወዲህ የምሥራቅ ጀርመን ዜጋ ያለ ቪዛ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ መግባት ይችል ነበርና በ1979 ሄርታ በአውሮፓ ዋንጫ ውድድር ከዱክላ ጋር ለመጫወት ፕራግ ሲሄድ የምሥራቁ ደጋፊም በባቡር ተከተለ። ልብ በሉ! ከቤቱ ደጃፍ ብዙም የማይርቀውን ክለብ ለማየት ሰው ድንበር አቋርጦ የሌላ አገር ዋና ከተማ ድረስ ይሄዳል። ሄርታም 2 ለ1 አሸነፈ። ምሥራቁም ምዕራቡም በርሊን በአንድ ትሪቡን ተቃቅፎ ዘፈነ።

ግን ጆሮ ጠቢውም አብሮ ተሳፍሮ ነበር። ጆሮ ጠቢ ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ የደርግ ዘመን የደኅንነት ሰዎች ከዚያው ከምሥራቅ ጀርመን ዕርዳታና ሥልጠና ያገኙ እንደነበር የታወቀ ነው። ማን ሄደ፣ ከማን ጋር ተቀመጠ፣ ምን ዘፈነ፣ ሁሉም ይጻፍ ነበር። በሄርታ ስም የሚሰበሰቡ ሰዎች በመጠጥ ቤት ጓዳ፣ በሌላ ስም ተሸፍነው ይገናኙ ነበር። ከምዕራብ በአንድ ቀን ፈቃድ የሚሻገር ሰው የክለቡን ዓርማ ወይም መጽሔት ደብቆ ይዞላቸው ሲመጣ እንደ ትልቅ ስጦታ ነበር። የተያዘ ሰው ይጠየቃል፤ የጉዞ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ በሥራውም ይመጣበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ሽታዚ እንደዚህ ያለው ደጋፊ ፖለቲከኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። እውነት ነበር ወይ? አባቱ ፕሉምፐ ይዞት ይሄድ የነበረ ልጅ ሄርታን የወደደው ስለ ካፒታሊዝም ምንም ሳያውቅ ነው። ክለቡም ቢሆን እንዲህ የሚያኮራ ሆኖ አይደለም። በ1965 ለተጫዋቾች ከደንብ ውጭ ገንዘብ ከፍሏል ተብሎ ከቡንደስሊጋ ተባረረ፤ በ1971 ደግሞ ጨዋታ በመሸጥ ቅሌት ውስጥ ተዘፈቀ። በምዕራቡ በኩል ስታዲዮም መግባት የሚችለው ደጋፊ «በቃኝ» ብሎ ሲቀር፣ መግባት የማይችለው የምሥራቁ ግን አልተወውም። ይኸን ፍቅር ወደ ፖለቲካ የለወጠው መዝገቡ ራሱ ነው። ሰው ስካርፉን እንዲደብቅ ስታደርገው ስካርፉ ባንዲራ ይሆናል። ለኳስ ሲል ብቻ የሚጮኸውን ሰው በየጊዜው እየጠራህ «በማን ላይ ነው የምትጮኸው?» ብለህ ስትጠይቀው፣ ውሎ አድሮ በማን ላይ እንደሚጮኽ ይገባዋል።

ከመካከላችን «ኳስ ሕዝቡን ማደንዘዣ ነው» የሚሉ አሉ። በብዙ አገር እውነት አለው፤ ሚልከም ለዲናሞ ሲለፋ ይኸንኑ አስቦ ይሆናል። ዳሩ ግን አሥር ዋንጫ ተሰልፎ አንድ የፕሬንትስላወር በርግ ሽማግሌን ከሄርታ ሊያስኮበልል አልቻለም። ክለብ በአዋጅ ይቋቋማል፤ ተጫዋች በትእዛዝ ይዛወራል፤ ደጋፊ ግን አይዛወርም።

ኅዳር 9 ቀን 1989 ማታ መጀመሪያ የተከፈተው መተላለፊያ ቦርንሆልመር መንገድ ላይ ያለው ነው፤ ከፈረሰው ፕሉምፐ ብዙ የማይርቀው። በሁለተኛው ቀን ሄርታ፣ ያኔ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የነበረው፣ ከቫተንሻይድ ጋር ሲጫወት ከ40,000 በላይ ሰው ገባ፤ ከምሥራቅ የመጡት በነፃ ነበር የገቡት። ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቁ ሰዎች አንድ እኩል አይተው ተመለሱ፤ ኳስ እንደዚህ ነው። ጥር 27 ቀን 1990 ደግሞ ሄርታና ዩኒየን በኦሎምፒክ ስታዲዮም ለወዳጅነት ተጫወቱ። ከ51,000 በላይ ሰው ተገኘ፤ ሄርታ 2 ለ1 አሸነፈ፤ ሁለቱም ወገን በአንድነት ዘፈነ።

ከዚያስ? ከዚያ ወዳጅነቱ ቀዘቀዘ። ግንቡ ሲነሣ ከግንቡ ጋር የተያያዘው ፍቅርም ላላ። ኅዳር 2 ቀን 2019 ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቡንደስሊጋ ሲገናኙ ዩኒየን 1 ለ0 አሸነፈ፤ በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል የነበረው ግን ርችትና ስድብ ነበር። በዚህ የሚያዝኑ አሉ፤ የድሮው ወንድማማችነት የት ገባ ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ እናያለን፤ ርችቱና ስድቡ የሚመሰገን ባይሆንም፣ ዛሬ ኮፐኒክ ውስጥ የሚኖር የሄርታ ሰው ሰኞ ጧት ከጎረቤቱ የሚቀበለው ትረባ ብቻ ነው። ስሙን የሚጽፍ የለም። መንገድ ቀይሮ ቢሄድም አፍሮ እንጂ ፈርቶ አይደለም። ከፕሉምፐ አጥር ሥር ቆመው ያዳምጡ የነበሩት ሰዎች የተነፈጉት ይኸችኑ ነበር፤ ክለባቸው ሲሸነፍ በሰላም መተረብን።