ከጆንያው እስከ ድስቱ

የምዕራብ ሐረርጌ የድርቅ ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው በኩንታል ነው። ስንት ኩንታል ከጅቡቲ ተጫነ፣ ስንቱ ጭሮ ደረሰ፣ ስንቱ ለየወረዳው ተከፋፈለ እየተባለ። በአገራችን የተለመደው የእርዳታ ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። በሚኤሶ ቆላ ግን ያ ስንዴ ምግብ እስኪሆን ድረስ ወፍጮ፣ ውሃ፣ ማገዶና ጉልበት ይፈልጋል፤ ድርቅ ደግሞ አስቀድሞ የሚነጥቀው እነዚህኑ ነው። የወፍጮ ገንዘብ ያጣ ቤተሰብ ስንዴውን ቀቅሎ በንፍሮ ይበላዋል። ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ግን ንፍሮ አይበላም።

በጆንያውና በአፍ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ከመንግሥትም ከለጋሽም በፊት የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ሐዘን የደረሰበት ቤት እሳት አይነድበትም፤ ምግቡ ተሠርቶ ከጎረቤት ይመጣለታል። በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ ይህን ሥራ ከዕድሩ ጎን ለጎን የሚይዘው አፎሻ ነው። አባላት ያዋጣሉ፣ ሴቶቹ ያበስላሉ፣ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ትልልቁ ድስትና ሰሐን ከዕቃ ቤት ይወጣል። ለሰደቃ ብዙ ሕዝብ ማብላት የለመደ አገር ስለሆነ፣ ለመቶ ሰው ስንት ጣሳ ሩዝ እንደሚበቃ መንገር የሚችሉ እናቶች በየሰፈሩ አይጠፉም።

ከአደጋ በኋላ የበሰለ ምግብ ማብላት በነገሥታቱም ዘመን ነበረ። በ1880 አካባቢ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ጨርሶ፣ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ ሲያቅተው ክፉ ቀን መጣ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱ አርአያ ሆኑ፤ እንጦጦም ለመጣው ረኃብተኛ መጠለያ አሠርተው አበሉ። ሰው ግን ምግቡ ወዳለበት መጓዝ ነበረበት፤ መንገድ ላይ የቀረውም ብዙ ነው።

የያኔዋ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ፣ በ1910ዎቹ፣ የጨርጨር ገዥ በነበሩት በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። በ1909 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድም በቆላው በሚኤሶ በኩል ስለሚያልፍ አካባቢው ከወደብ ጋር ተገናኘ። የጨርጨር ደጋ ገበሬ ማሽላውን ለቤቱ፣ ቡናውንና ጫቱን ለገበያ ያደርጋል። ዝናብ ሲጠፋ ማሽላው ይደርቃል፣ የእህል ዋጋ ይሰቀላል፣ በእጁ ያለው ገንዘብም ድሮ የሚገዛውን ያህል አይገዛም።

ይህ ነገር በ1966 በሐረርጌ አርብቶ አደሮች ላይ በግልጽ ታየ። ከዓመት በፊት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የነበሩበት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ቡድን ከወሎ ያመጣው የረኃብ ፎቶግራፍ የከተሜውን ዓይን ገልጦ ነበር። በ1966 ማብቂያ ላይ ደግሞ ሲማን፣ ሆልትና ሪቨርስ የተባሉ ተመራማሪዎች የሐረርጌን ሕዝብ የአመጋገብ ሁኔታ አጠኑ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ይህን ጥናት ጭምር ይዘው እንዳሳዩት፣ አርብቶ አደሩን የጎዳው የከብቱ ማለቅ ብቻ አይደለም። የተረፈውም ከብት ገበያ ሲወጣ በእህል የሚለወጥበት ዋጋ ወድቆ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመውም በዚያው በ1966 ነው።

በ77ቱ ድርቅ ማብላቱ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። የኮረም ረኃብተኞች ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ ከታየ በኋላ ዓለም ተረባረበ። በአገሪቱ ሥራ የጀመረው በዚያው ጊዜ የሆነው ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት በሐረርጌ እህል ማከፋፈል ያዘ። በምገባ ጣቢያዎች የሚሠራው ገንፎ የቤት ገንፎ ዓይነት አልነበረም። የተመጣጠነው ዱቄት በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ የፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላልና። ከዚያ ጉልቻ ላይ በተጣደው በርሜል ዘይትና ስኳር ተጨምሮበት በረጅም ማማሰያ ይማሰላል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ ሳህን ሙሉ ሰጥቶ መሸኘት አይበጅም፤ ጥቂት ጥቂት እየተባለ በቀን ደጋግሞ ይሰጣል። ብዙ ኢትዮጵያዊ ያደገበት ፋፋም በስዊድን ድጋፍ በ1950ዎቹ የተጀመረው የሕፃናት ምግብ ምርምር ውጤት ነው።

ጣቢያው ሕይወት ያተርፋል፤ አንዳንዴም ይቀጥፋል። ሰው ከየቀበሌው ተነቅሎ አንድ ሜዳ ላይ ሲከማች ኩፍኝና ተቅማጥ ይገባል። እናት ለአንዱ ልጇ ጣቢያ ስትከርም ቤት የቀሩት የሚያበላቸው ያጣሉ፣ ማሳው ጦም ያድራል።

ስለዚህ ከ77 ወዲህ ያለው ሥራ ድስቱን ወደ ሰው ቤት የማስጠጋት ነው። በ1993 በሃዲያ ባደዋቾ ወረዳ ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናትን አስተኝቶ ከማከም ይልቅ በሳምንታዊ ክትትል ቤታቸው ሆነው ማዳን እንደሚቻል ተሞከረ፤ ተሳካም። ማብሰያና ውሃ የማይፈልገው የለውዝ ቅቤ፣ ፕላምፒ ነት፣ ይህን አቀለለው። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ክንድ በባለ ሦስት ቀለም ሜትር ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ሕክምና ይጀመራል። ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ ከጎዳው የ1995 ድርቅ በኋላ፣ በ1997፣ የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ተጀመረ። በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው ለእርዳታ በተዳረገበት የ2008ቱ ኤልኒኖ ጊዜ ደግሞ ድርቅ በመታቸው ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች አስቸኳይ ምገባ ተጀመረ። ልጁ ትኩስ ምግቡን የሚያገኘው ትምህርቱን ሳያቋርጥ፣ ቤተሰቡም ሳይሰደድ ነው።

ጎርፍ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ድርቅ ወራት ይሰጣል፤ ጎርፍ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሊነጋጋ ሲል ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ምድጃው፣ ድስቱና የወፍጮ ገንዘቡ አብሮ ለሄደበት ሰው የአንድ ወር ስንዴ ማደል ፋይዳ የለውም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው የበሰለ ምግብና ንጹሕ ውሃ ነው፤ ይህን ከማንም ቀድሞ ማድረስ የሚችለው ደግሞ ጎርፉ ያልነካው ማዶ ሰፈር ነው።

እንግዲህ በጭሮም ሆነ በየወረዳው የአደጋ ዝግጁነት ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ከመጋዘኑ ጆንያ ጋር የአፎሻውንና የዕድሩን ዕቃ ቤት አብረው ይቁጠሩ። በየቀበሌው ስንት ትልልቅ ድስት እንዳለ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚገኝ፣ ማገዶና ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ የሚያበስሉትስ እናቶች በማን በኩል እንደሚጠሩ አስቀድመው ይመዝግቡ። መዝገቡ ብዙ ወጪ የለውም፤ መሠራት ያለበት ግን ክረምቱ ሳይገባ ነው።